ነፍሰ ጡር እናትና ሕፃን ልጅ በአዳማ የመንግሥት ጤና ተቋማት የጥርስ ሕክምና የሚያገኙበት መንገድ

አንዲት እናት የእርግዝና ክትትል ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ልጇ የ15 ወር ክትባቱን እስኪወስድ ድረስ፣ ቀጠሮዎቿን ሁሉ ካከበረች፣ የጤና ጣቢያውን ደጅ ቢያንስ 14 ጊዜ ትረግጣለች። 8ቱ ለእርግዝና ክትትል፣ አንዱ ለወሊድና ለመጀመሪያው ክትባት፣ የቀሩት 5ቱ ደግሞ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት እንዲሁም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ለሚሰጡት ክትባቶች ናቸው። በእነዚህ ቀኖች ክብደቷ ይመዘናል፣ የደም ግፊቷ ይለካል፣ ደሟና ሽንቷ ይመረመራል፤ «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» የሚላት ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በእነዚሁ ቀኖች ላይ ተደግፎ ነው። ለጥርስ ብቻ ተብሎ ቀን የሚቆረጠው ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመንቀል በቀር ሌላ አማራጭ አይቀርም። ጤና ጣቢያ በሄዱበት ቀን ሁሉ ጥርስዎንም ቢያሳዩ፣ ለመጓጓዣ ሌላ ወጪ ሳያወጡ ችግሩን ገና በጅምሩ ሊደርሱበት ይችላሉ።

በመጀመሪያው የክትትል ቀን

አዋላጅ ነርሷ ታሪክዎን ስትጠይቅና ስትመዘግብ፣ ስለ ጥርስ ባትጠይቅዎም እርስዎ ያንሡት። «ሲስተር፣ ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ይደማል፤ የጥርስ ሐኪም እንዲያየኝ እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ በየትኛው በኩል እንደሆነ፣ በጣፋጭ ወይስ በቀዝቃዛ ነገር እንደሚያም፣ ሕመሙ ወዲያው የሚተው ወይስ የሚቆይ እንደሆነ ጨምረው ይንገሯት። በጣፋጭ ወይም በቀዝቃዛ ነገር ተነሥቶ ወዲያው የሚተው ሕመም፣ ጥርሱ ገና ሊሞላ የሚችልበት ደረጃ ላይ መሆኑን ብዙ ጊዜ ያመለክታል። ምንም ሳይነካው ሌሊት እየተነሣ የሚጠዘጥዝ ሕመም ግን ጉዳቱ ወደ ነርቩ መድረሱን ስለሚያሳይ ቀጠሮ የሚያስጠብቅ አይደለም።

በእርግዝና ወቅት ድድ የሚያብጠውና የሚደማው፣ የሆርሞን ለውጥ ድድን በጥርስ ሥር ለሚጠራቀም ቆሻሻ ከወትሮው ይበልጥ እንዲቆጣ ስለሚያደርገው ነው። ብዙ እናቶች ደም ሲያዩ መፋቅ ይተዋሉ፤ መፍትሔው ግን ተቃራኒው ነው። ለስላሳ ቡርሽ ይዞ፣ ድድና ጥርስ በሚገናኙበት መሥመር ላይ ቀስ እያሉ፣ ጠዋትና ማታ መቦረሽ ያስፈልጋል። መፋቂያ የለመደች እናት መፋቂያዋን መጣል አይኖርባትም፤ ጫፉን በደንብ አላምጣ ካለሰለሰችው የጥርሱን ገጽ ያጸዳል። ነገር ግን በምላስ በኩል ያለውን የጥርስ ጎን በመፋቂያ መድረስ ስለሚያስቸግርና እንጨቱ በጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለውን፣ ጥርስን የሚያጠነክረውን ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ስለማይተካ፣ ቢያንስ ማታ ማታ ቡርሽ ብትጠቀም መልካም ነው።

ማስታወክ የሚበዛባት እናት ወዲያው እንዳስታወከች መቦረሽ የለባትም። ከሆድ የወጣው አሲድ የጥርሱን ሽፋን ለጊዜው ስለሚያለሰልሰው፣ በዚያው ቅጽበት የሚያርፍበት ቡርሽ ሽፋኑን እየፋቀ ያነሣዋል። በአንድ ብርጭቆ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ፣ እሱም ከሌለ በንጹሕ ውኃ ብቻ፣ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋትና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መቦረሽ ይሻላል።

«አንድ ልጅ አንድ ጥርስ ይዞ ይወጣል» የሚለውን አነጋገር ከእናቶቻችን ሰምተነዋል። ፅንሱ ግን ካልሲየም ከእናቱ ጥርስ አይወስድም፤ የሚያገኘው ከምግቧ፣ ምግቧ ካነሰም ከአጥንቷ ነው። በእርግዝና ጥርስ የሚጎዳው ድድ ስለሚቆጣ፣ ትውከት ስለሚደጋገም፣ ጣፋጭ ስለሚያሰኝና ሕክምናው «እስክወልድ ልጠብቅ» እየተባለ ስለሚዘገይ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በእጃችን ያለው የመጨረሻው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ነፍሰ ጡር እናት ጥርሷን መታከም ትችላለች። ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ያለው ጊዜ ለመቀመጥም ለመተኛትም ስለሚመች ለማስሞላትና ለማሳጠብ ይመረጣል፤ መግል የያዘ ወይም ፊትን ያሳበጠ ጥርስ ግን በየትኛውም ወር ወዲያው መታከም አለበት፤ ኢንፌክሽኑን ዝም ማለት ከሕክምናው የበለጠ ያሰጋልና። በጥርስ ሕክምና የተለመደው ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ ለነፍሰ ጡርም ለምታጠባም እናት የሚሰጥ ነው። ራጅ የግድ ካስፈለገ መከላከያ ልብስ ተደርጎ ይነሣል። ሐኪሙ ሆድዎን አይቶ ላያውቅ ይችላልና፣ ወንበሩ ላይ ከመውጣትዎ በፊት እርጉዝ መሆንዎንና ስንተኛ ወር ላይ እንዳሉ ይንገሩት። በመጨረሻዎቹ ወራት በጀርባ ተንጋሎ መቆየት ስለሚያዞር፣ በቀኝ ወገብዎ ሥር የተጠቀለለ ነጠላ አድርገው ወደ ግራ ዘንበል ይበሉ።

ስለ መድኃኒት ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። ለሕመሙ ማስታገሻ ፓራሲታሞል ይሆናል። አይቡፕሮፌንን ግን፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ፣ በራስዎ ፈቃድ ከፋርማሲ ገዝተው አይውሰዱ። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን በፅንሱ ገና በሚሠሩ ጥርሶች ውስጥ ገብተው ለዘለቄታው ቀለማቸውን ስለሚያበላሹ በእርግዝና ወቅት አይወሰዱም። (ሕፃኑ ሲወለድ ዓይኑ ላይ የሚደረግለት የቴትራሳይክሊን ቅባት ጥርሱን አይጎዳም፤ በዚህ ምክንያት ቅባቱን እምቢ የሚሉ ወላጆች እንዳይኖሩ ነው ማንሣቴ።) ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ ወይም የተፈጨ አስፕሪን በታመመው ጥርስ ላይ ማድረግ ድዱን ከማቃጠል በቀር የሚያድነው ነገር የለም።

ሪፈር ወረቀት፣ ጤና መድንና ክፍያ

በብዙ ጤና ጣቢያዎች የጥርስ ወንበር ስለሌለ፣ ጥርስ የሚሞላበት ወይም የሚነቀልበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል ነው፤ በከተማችን ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ይህ በተለይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ለሆነ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ሲኬድ ስለሆነ፣ ጤና ጣቢያውን ዘልሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። የመድን ደብተርዎ የዘንድሮው መዋጮ የተከፈለበትና የታደሰ መሆኑን፣ የልጁም ስም የተመዘገበበት መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። አዲስ የተወለደ ልጅ ስሙ ሳይገባ የሚቀርባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸውና፣ ከልደት ምዝገባው ጋር አብረው ቢያስጨርሱት ኋላ ከመመላለስ ይድናሉ።

የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የድኅረ ወሊድ ክትትልና ክትባት በመንግሥት ተቋም ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው፤ የጥርስ ሕክምና ግን ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም። ስለዚህ መድን የሌላት እናት ካርድ ክፍል ላይ ካርድ ስታወጣ ገንዘብ ትከፍላለች፤ የሕክምናውም ዋጋ ለብቻው አለው። መክፈል የማይችል ቤተሰብ በቀበሌው በኩል ተለይቶ መዋጮው በመንግሥት እንዲሸፈንለት የሚደረግበት አሠራር ስላለ፣ የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጠየቅ ይገባል። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስተከልን መድኑ እንደማይሸፍን ግን ከወዲሁ ይወቁ።

በቀጠሮው ቀን ካርድ ክፍል ሳይጨናነቅ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ግድም ይድረሱ። የክትትል ካርድዎን፣ የሪፈር ወረቀቱን፣ የመድን ደብተሩንና መታወቂያዎን በአንድ ላስቲክ ያኑሩ። ወረቀቶቹ በኦሮምኛ ተጽፈው ማንበብ ቢያስቸግርዎ፣ የሚቀጥለው ቀን መቼና የት እንደሆነ አስረድተው እንዲነግሩዎ ሳያፍሩ ይጠይቁ። ከሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ደግሞ አንዲት ጥያቄ እንዳትረሱ እለምናለሁ፦ «ጥርሱ መሞላት አይችልም?» ወረፋው ረጅም በሆነበት ቦታ መንቀል ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ታማሚውም ሕመሙ እንዲለቀው ብቻ ስለሚፈልግ አይከራከርም። ጥያቄው ሲነሣ ግን ሊድን የሚችለው ጥርስ የመሞላት ዕድል ያገኛል፤ በዕለቱ መሙያ ከሌለም የት እንደሚገኝ ይነግርዎታል።

የሕፃኑ ጥርስ ከመውጣቱ በፊት

የእናቱ አፍ ጤና ለልጁም የሚተርፍበት ምክንያት አለ። ጥርስን የሚቦረቡሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሕፃኑ አፍ የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ ከእናቱ ምራቅ ነው፤ ምግብ አላምጦ ማጉረስ፣ በማንኪያው ቀምሶ በዚያው ማንኪያ ማብላት፣ የወደቀ ጡጦ በአፍ አጽድቶ መስጠት መተላለፊያዎቹ ናቸው። የእናት ፍቅር የሚገለጽባቸው ነገሮች ስለሆኑ ተዉ ማለት ይከብደኛል፤ ነገር ግን የተቦረቦሩ ጥርሶችዎን የልጁ የመጀመሪያ ጥርስ ከመውጣቱ፣ ማለትም ከ6 ወር ግድም በፊት ካስሞሉ፣ የሚተላለፈው ባክቴሪያ ይቀንሳል።

በዚህ ዕድሜ ካለው አደጋ ሁሉ አጥብቄ የማነሣው ግግ ማስወጣትን ነው። ከ4 እስከ 8 ወር ባለው ሕፃን ድድ ላይ፣ ክራንቻው በሚወጣበት ቦታ፣ ነጣ ብሎ የሚታይ እብጠት አለ። ሕፃኑ በዚያው ሰሞን ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰውና ጡት እምቢ ሲል «ግግ ነው» ተብሎ በምላጭ፣ በመርፌ ወይም በሽቦ ተፈልቅቆ ይወጣል። እብጠቱ ግን በሽታ አይደለም፤ ገና ሊወጣ ያለው የወተት ጥርስ ነው። ተቅማጡ በዚያ ዕድሜ የሚበዛው ሕፃኑ ከጡት ውጭ ምግብና ውኃ የሚጀምርበት፣ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበት ጊዜ ስለሆነ ነው። እብጠቱን የሚፈለቅቀው ሰው በማያየው ቦታ፣ ከወተት ጥርሱ በታች፣ የቋሚው ክራንቻ ፍሬ ተቀምጧል። እሱ ሲነካ ልጁ ከ9 እስከ 12 ዓመት ሲሆነው ክራንቻው ተጣሞ ይወጣል ወይም ጨርሶ አይወጣም። መድማት፣ ቴታነስና በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ከዚያ በፊት የሚመጡ ናቸው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ሕፃናትን የሚጎዱ ልማዳዊ ድርጊቶችን ያስቀጣል።

አያት ወይም አክስት «እኛም በዚሁ አድገናል» ብለው ሲጫኑ ወጣቷ እናት ብቻዋን መከራከር ይከብዳታል። በዚህ ጊዜ ተከራክሮ ከመጣላት ይልቅ፣ «እሺ እማማ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እናሳየው፤ እርስዎም አብረውን ይምጡ» ማለት ይሻላል። ሕፃኑ ኦ.አር.ኤስ እየተሰጠው ዚንክ ሲወስድ፣ ጡቱንም ሳያቋርጥ ሲጠባ ሲሻለው በዓይናቸው ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሚወለዱት የልጅ ልጆችም የሚከራከሩት እሳቸው ይሆናሉ። ዓይኑ የጎደጎደ፣ የደከመ፣ መጥባት ያቃተው ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለው ሕፃን ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

ከንፈሩን ገልጦ ማየት

የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ ማጽዳት ይጀመራል። ሕፃኑን ጭንዎ ላይ አስተኝተው ጭንቅላቱን ወደ ሆድዎ ያስጠጉ፤ በትንሽ ለስላሳ ቡርሽ፣ እስከ 3 ዓመት ድረስ የሩዝ ፍሬ በምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ደግሞ የአተር ፍሬ በምታህል የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ ይቦርሹለት። ሳሙናውን ሕፃኑ እንዳይውጠው ጠብታውን ያብሱ፤ መትፋት ሲችል ያስተምሩት።

በወር አንድ ቀን፣ በብርሃን፣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልጠው ይዩ። በፊት ጥርሶቹ ላይ፣ ድዱን ተከትሎ፣ እንደ ኖራ የነጣ መሥመር ካዩ ጥርሱ መቦርቦር ጀምሯል ማለት ነው፤ በዚህ ደረጃ ቀዳዳ ሳይሆን ማስቆም ይቻላል። መሥመሩ ቢጫ ወይም ቡናማ ሲሆን ግን ጊዜው እያለፈ ነው። እኔ ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም። የመጀመሪያ ልጄን በስኳር የጣፈጠ ወተት በጡጦ እያስያዝኩ ነበር የማስተኛው፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ጣፋጩ በላይኞቹ ጥርሶች ላይ እንዳረፈ ያድራል። 2 ዓመት ሳይሞላው ነጩን መሥመር አይቼ ያሳየሁበት ተቋም «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ብሎ መለሰኝ። ከወራት በኋላ ፊቱ አብጦ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ፤ አራቱም የላይኛ የፊት ጥርሶቹ ተነቀሉ። የወተት ጥርስ ይወድቃል፤ የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ሊቆዩ የሚገባቸው ናቸው፤ ቀድመው ከጠፉም ለሚተኩት ጥርሶች የተያዘው ቦታ ይጠብባል። ስለዚህ «ይወድቃል» ተብለው ቢመለሱ፣ በትሕትና ግን ሳይለቁ ሪፈር ይጠይቁ።

ጡጦ የሚጠቀም ልጅ ማታ ከውኃ በቀር ሌላ ነገር በጡጦ ይዞ አይተኛ። ሻይ በስኳር፣ ጭማቂና ከረሜላ ከናካቴው ባይቀሩ እንኳ ከምግብ ሰዓት ጋር ይሁኑ፤ ጥርስን ይበልጥ የሚጎዳው ከስኳሩ መጠን ይልቅ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መደጋገሙ ነው። በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ ሲሰጥ ልጁ አፉን ከፍቶ ጠብታው ይጨመርለታል፤ በዚያችው ቅጽበት ነርሷ ጥርሱንም እንድታይለት ይጠይቁ።

ስለ ውኃችን

አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ጋር ስለሚገናኝ ብዙ ቦታ ከፍተኛ ፍሎራይድ ይይዛል፤ ፍሎራይድ በጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስን ቢጠቅምም፣ በሚጠጣ ውኃ ሲበዛ ግን ገና በመሠራት ላይ ያለን ጥርስ ያበላሻል፤ በወንጂ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። የከተማችን የቧንቧ ውኃ በዋነኛነት ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ በመሆኑ ከጉድጓድ ውኃ ይሻላል። ቧንቧው ሲቋረጥ በጄሪካን የሚገዛው ውኃ ግን ከጉድጓድ የወጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ሻጩን «ከየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ውኃ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አይቀንስም፣ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ውኃ አጋርም ሆነ ተራ ማጣሪያ አያወጣውም። ቋሚ የፊት ጥርሶች ድድ ውስጥ የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ፣ ሻል ያለውን ውኃ ለሕፃኑ ማስቀደም ብልህነት ነው፤ የጉድጓድ ውኃ ለልብስና ለዕቃ፣ የቧንቧ ወይም በንጹሕ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ደግሞ ታክሞ ለልጁ መጠጥና ምግብ ይሁን። የእናት ጡት ወተት፣ እናቲቱ የምትጠጣው ውኃ ፍሎራይዱ ቢበዛም እንኳ፣ በጣም ጥቂት ፍሎራይድ ብቻ ነው የሚይዘው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ማጥባት በእኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው ማለት ነው። በዱቄት ወተት የምታሳድግ እናት ወተቱን የምትበጠብጥበትን ውኃ ከሁሉ አስቀድማ ትምረጥ።

በፍሎራይድ የመጣ ቡናማ ቀለም በግራና በቀኝ ጥርሶች ተመሳሳይ ሆኖ ይታያል፣ አያምም፣ ምግብም አይይዝም። መቦርቦር ግን ቀዳዳ አለው፣ ምግብ ይሰገሰግበታል፣ ጣፋጭ ሲነካው ያማል። ቀለሙን በአመድ፣ በሎሚ ወይም በአሸዋ መፈግፈግ የጥርሱን ሽፋን ከመጨረስ በቀር ቀለሙን አያስለቅቅም።

የሚያስቸኩሉ ነገሮች

ልጁ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ጀርባ፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ፣ አራት መንጋጋዎች ይወጣሉ። እነዚህ ቋሚ ናቸው፤ የወተት መስለው ችላ ስለሚባሉ ግን ከቋሚ ጥርሶች ሁሉ ቀድመው ይበላሻሉ። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ አፉን ያስከፍቱት።

የፊት እብጠት ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ሲዛመት፣ ልጁ ሲያተኩሰው፣ መዋጥ ወይም አፉን መክፈት ሲያቅተው ሪፈር ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ወድቆ የተነቀለ የወተት ጥርስ አይመለስም፤ ድዱን በንጹሕ ጨርቅ ይዞ ደሙን ማቆም ይበቃል። ቋሚ ጥርስ ከሆነ ግን ከላይኛው ነጭ ክፍሉ እንጂ ከሥሩ አይያዝ፤ ቆሻሻ ካለው ለአፍታ ብቻ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅና ወደ ቦታው ይመለስ፤ ይህ ካልተቻለ ስኳር በሌለው ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ተደርጎ፣ ባጃጅ ተይዞ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከጥርስ ሐኪም ዘንድ ይድረስ።